የኤክስኤምኤል ጽሑፍን በስታይልሺት ስለመተካት፦ ለቀረበ ተቃውሞ የተሰጠ ምላሽ

የአማርኛ ሰነዶችን በኤክስኤምኤል፣ ማለትም የጽሑፍን ክፍሎች ታግ በተባሉ ምልክቶች እያጠረ በሚያስቀምጥ አሠራር፣ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ምክር እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ደርሶኝ አነበብሁት። ጸሐፊው በሰነድ ውስጥ ያለን ፊደል፣ ምልክት ወይም ቃል በሌላ ለመተካት የኤክስኤስኤልቲ ስታይልሺት (የኤክስኤምኤልን ሰነድ የሚለውጡ ደንቦች የሚጻፉበት ፋይል) መጻፍ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ፤ ለዚህም ሰባት ነጥቦችን በተከታታይ ያቀርባሉ። ኤክስኤምኤል ራሱ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ እንደ ሴድ ያለ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ወይም የማንኛውም ኤዲተር «ፈልግና ተካ» ይበቃል፤ ስታይልሺት ለአንዲት ቃል ብዙ መስመር ያስጽፋል፤ የመጀመሪያው ኤክስኤስኤልቲ ጽሑፍ የሚተካ ፈንክሽን እንኳ የለውም፤ በታግ የተከፈለ ቃል አያገኝም፤ ያልተነካውን የሰነዱን ክፍል ጭምር ይለዋውጣል፤ ፕሮግራም መጻፍ ግድ ከሆነ ፓይተን አለ፤ ቋንቋው ራሱም ዘመኑ ያለፈበት ነው የሚሉ ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አራተኛውና አምስተኛው በአብዛኛው እውነት ስለሆኑ ተራቸው ሲደርስ እንደሚገባቸው እቀበላቸዋለሁ። የቀሩት ግን ከአንድ ግምት የሚመነጩ ይመስለኛል፤ ይኸውም በኤክስኤምኤል ሰነድ ውስጥ ጽሑፍ ሲተካ አስቸጋሪው ክፍል መተካቱ ነው የሚለው ግምት ነው። አንዱን ፊደል አንሥቶ ሌላውን ማስቀመጥ ለየትኛውም መሣሪያ ቀላል ነው። ሥራው የሚከብደው የትኛው ጽሑፍ መነካት እንዳለበትና የትኛው እንደሌለበት ለመሣሪያው መንገር ላይ ነው፤ የስታይልሺት ቴምፕሌት፣ ማለትም የትኛው የሰነዱ ክፍል ሲገኝ ምን እንደሚደረግ የሚናገረው ደንብ፣ የተበጀውም ለዚሁ ነው።

ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ያቆሙት «ኤክስኤምኤል ጽሑፍ ነው» በሚለው በመጀመሪያው ነጥባቸው ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ፋይሉ በዲስክ ላይ ሲቀመጥ የፊደላት ተከታታይ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን አንድ ሰነድ በብዙ ዓይነት የፊደላት ተከታታይ ሊጻፍ ይችላል። አራት ነጥብ በፋይሉ ውስጥ «።» ተብሎ በቀጥታ ሊገባ ይችላል፤ «&#4962;» ተብሎ በቁጥር ሊገባም ይችላል፤ ፋይሉን አንብቦ ለሚፈታው ፕሮግራም፣ ለፓርሰሩ፣ ሁለቱ አንድና ያው ምልክት ናቸው። ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ በቁጥር እየለወጡ የሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች ያወጧቸው የአማርኛ ፋይሎች በሁለተኛው መልክ የተሞሉ ናቸው። ሴድ በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ «።»ን ቢፈልግ ምንም አያገኝም፤ ስታይልሺቱ ግን የሚሠራው ፓርሰሩ አስቀድሞ ፈትቶ ባቀረበለት፣ ኖድ የሚባሉት የሰነዱ ክፍሎች እንደ ቅርንጫፍ በተደረደሩበት ዛፍ ላይ ስለሆነ በየትኛው መልክ እንደተጻፈ ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም።

«&» የሚለውን ምልክት «እና» በሚለው ቃል ለመተካት የሚነሣ ሰው ደግሞ የባሰ ይገጥመዋል። በፋይሉ ውስጥ ይህ ምልክት የእያንዳንዱ ኤንቲቲ፣ ማለትም በስም የሚጠራ ምትክ ጽሑፍ፣ እንዲሁም በቁጥር የተጻፈ የእያንዳንዱ ፊደል መነሻ ነው። በጭፍን የተተካ እንደሆነ ከላይ ያየነው አራት ነጥብ «እና#4962;» ሆኖ አንባቢ ፊት ይወጣል፤ ይህም ለኤክስኤምኤል ሕጋዊ ጽሑፍ ስለሆነ ፓርሰሩ አንዳችም የስሕተት መልእክት አያሰማም። ስሕተቱ የሚታወቀው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ለማምጣት፣ ለምሳሌ «ሠ»ን በ«ሰ» ለመለወጥ፣ ቲአር የተባለውን አጭር ትእዛዝ ይመክራሉ። ይህን ምክር ማንም ሰው ቅጂ ሳያስቀር እንዳይሞክረው አጥብቄ እመክራለሁ። የጂኤንዩ ቲአር የሚሠራው በባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ሠ» እና «ሰ» የሚለያዩት በሦስተኛው ባይት ብቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፊደል በ160፣ ሁለተኛው በ176 ያበቃል። ስለዚህ ትእዛዙ በፋይሉ ውስጥ ያለውን 160 የሆነ ባይት በሙሉ ያለ ልዩነት ወደ 176 ያዞረዋል። «አ»፣ «በ» እና «ጠ» በዚያው ባይት የሚያበቁ ፊደላት በመሆናቸው «አ» ወደ «ኰ»፣ «በ» ወደ «ተ»፣ «ጠ» ወደ «ጰ» ይለወጣሉ። «አበበ» ተብሎ የገባ ስም «ኰተተ» ሆኖ ይወጣል፤ «ጠበቀ» የሚለው ግሥም «ጰተቀ» ይሆናል። ሴድ የዩቲኤፍ 8 ሎኬል (የኮምፒውተሩ የቋንቋና የፊደል ምርጫ) በተስተካከለበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ አያጠፋም፤ ሎኬሉ እንደነገሩ በተተወ ሰርቨር ላይ ግን በቅንፍ የዘረዘርንለትን ፊደላት እርሱም ባይት በባይት ይነጣጥላቸዋል። የኤክስኤስኤልቲ ትራንስሌት ፈንክሽን የሚያየው የዩኒኮድ ፊደልን ነው፤ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ይሁን በዩቲኤፍ 16 የሚያውቀው ፓርሰሩ ነው፤ የሰርቨሩ ሎኬል ምን እንደሆነም ውጤቱን አይለውጠውም።

የባይቱ ጉዳይ በሙሉ ቢስተካከል እንኳ የቦታው ጥያቄ ይቀራል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ «መግቢያ» የሚለው ቃል በ«መቅድም» ይተካ ቢባል፣ ያው ቃል በምዕራፉ ርዕስ፣ በአትሪቢዩት (በታግ ውስጥ በሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ውስጥ እንደ መለያ፣ በአርታኢው ኮሜንትና በሥዕል ፋይል ስም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሴድ አራቱንም ይለውጣቸዋል፤ መለያው ይለወጥና ከሌላ ፋይል ወደ እርሱ የሚያመለክተው ማጣቀሻ በቀድሞው ስም ይቀራል፤ የሥዕሉም ፋይል በአዲሱ ስም ሲፈለግ አይገኝም። ቴምፕሌቱ የጽሑፍ ኖድን ብቻ እንዲይዝ ከተጻፈ ግን አትሪቢዩቱና ኮሜንቱ እንዳሉ ያልፋሉ። ትርጉም የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት የኤክስሊፍ ፋይልም እንዲሁ ነው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የምንጩ ቋንቋና ትርጉሙ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ የሚታረመው ትርጉሙ ብቻ እንዲሆን «በታርጌት ኤለመንት ሥር ያለ ጽሑፍ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ኤለመንት ማለት ከመክፈቻ ታጉ እስከ መዝጊያው ያለው ክፍል ሲሆን፣ ታርጌት ትርጉሙን የሚይዘው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ምሳሌ ግን ግእዝና አማርኛ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሲገኙ ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የብራናዎቹን መግለጫ ለጽሑፍ ጥናት በተዘጋጀው በቲኢአይ ኤክስኤምኤል ያስቀምጣል፤ በዚህ ዓይነት ሰነድ ውስጥ የግእዙ ንባብና የዘመናችን ማብራሪያ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። አንድ አርታኢ የራሱን የአማርኛ ማብራሪያ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ቢፈልግ መብቱ ነው። በግእዙ ላይ ግን «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ስርቆት ስለሆነ፣ ፊደሉን መለወጥ ፀሐይዋን ሌባ ማድረግ ነው። ኤክስኤምኤል ለዚህ የተዘጋጀ የቋንቋ አትሪቢዩት አለው፤ በአንድ ኤለመንት ላይ ከተጻፈ ሌላ እስካልተባለ ድረስ ለውስጡ ሁሉ ይወርሳል። ኤክስኤስኤልቲ በሰነዱ ውስጥ ያለን ቦታ ለመጠቆም የሚጠቀምበት ኤክስፓዝም ከመጀመሪያው እትሙ ጀምሮ ላንግ የተባለ ፈንክሽን አለው፤ ይህ ፈንክሽን አንድ ኖድ በየትኛው ቋንቋ ጥላ ሥር እንዳለ፣ አትሪቢዩቱ አሥር ደረጃ ከፍ ብሎ የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ያጣራል። ስለዚህ በቴምፕሌቱ መያዣ ላይ «ቋንቋው አማርኛ የሆነ የጽሑፍ ኖድ» የሚል አንድ ቅንፍ መጨመር ብቻውን ግእዙን ከጥፋት ያድነዋል። ይህን በሴድ ለመሥራት የሚሞክር ሰው በየት መስመር ላይ ቋንቋው እንደተከፈተ፣ በየት እንደተዘጋ፣ በመካከሉም ሌላ ቋንቋ እንደገባ መከታተል ይኖርበታል፤ እንደዚያ ማድረግ ደግሞ ጉድለት ያለበት ፓርሰር በእጅ መጻፍ ማለት ነው።

ጸሐፊው በመሐል ጣል አድርገው ያለፉት፣ ኤክስኤምኤል ለእኛ ፊደል አልተሠራም የሚል ቃልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.0 በታግ ስም ላይ የሚፈቀዱትን ፊደላት በዩኒኮድ 2.0 ልክ ወስኖ ነበር፤ የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 ስለሆነ ለጊዜው ታግን በአማርኛ መሰየም አይቻልም ነበር። ይህ በ2004 በኤክስኤምኤል 1.1፣ በ2008 ደግሞ በኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም ተስተካክሏል። በታጎቹ መካከል የሚጻፈውን ጽሑፍ በተመለከተ ግን ክልከላው አንድም ቀን አልነበረም፤ የተነሣንበት ጉዳይም ይኸው ጽሑፍ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ መስመር ብዛቱ ልለፍ። በተግባር የሚያስፈልጉት ሁለት ቴምፕሌቶች ናቸው። አንደኛው ያጋጠመውን ኖድና አትሪቢዩት ሁሉ እንዳለ የሚገለብጥና ወደ ልጆቹ የሚወርድ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ አይደንቲቲ ቴምፕሌት የሚባለው ነው፤ ብቻውን ቢተው የገባለትን ሰነድ መልሶ ያወጣል። ሁለተኛው የሚለወጠውን ኖድ ብቻ ይይዝና አዲሱን ጽሑፍ በቦታው ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በኤክስኤስኤልቲ 3.0 አንደኛው እንኳ በአንድ መስመር መግለጫ ተተክቷል፤ ቴምፕሌት ያልተጻፈለት ኖድ ሁሉ እንዳለ ይገልበጥ ብሎ ማወጅ ይበቃል። ጸሐፊው የቆጠሩት የመጀመሪያውን ቃል ለመተካት የሚጻፈውን ነው፤ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለሃያኛው ቃል የሚጨመረው ግን አንዳንድ ቴምፕሌት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም የት ቦታ ላይ እንደሚሠራ በራሱ መያዣ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሌላ ሰው ሃያ የሴድ ትእዛዞች በምን ቅደም ተከተል እንደተሠሩና አንዱ የሌላውን ውጤት እንዳበላሸው ወይም እንዳላበላሸው ለማወቅ የሚገጥመውን ድካም ጸሐፊው ከሒሳቡ ውስጥ አላስገቡትም።

እግረ መንገዴን፣ ጸሐፊው ያላነሡትን ነገር ግን ቢያነሡት ክርክራቸውን ያጠነክርላቸው የነበረ አንድ ወጥመድ ልጠቁም። በኤክስኤስኤልቲ ሁለት ቴምፕሌቶች አንድን ኖድ ሲፈልጉት የሚያሸንፈው ቅድሚያው ከፍ ያለው ነው። ማንኛውንም ኖድ የሚይዘው የአይደንቲቲ ቴምፕሌት ቅድሚያ −0.5 ነው፤ ያለ ምንም ተጨማሪ ሁኔታ የጽሑፍ ኖድን ብቻ የሚይዘው ቴምፕሌት ቅድሚያም ያው −0.5 ነው። ብዙ ጀማሪዎች ሁለተኛው ጠበብ ያለ ስለሆነ ያሸንፋል ብለው ይገምታሉ፤ አያሸንፍም። ፕሮሰሰሩ ግጭት ተፈጠረ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ አለበለዚያ በስታይልሺቱ ውስጥ በመጨረሻ የተጻፈውን ይመርጣል። አይደንቲቲው ከታች ተጽፎ ከሆነ ሰነዱ አንዲት ፊደል ሳይለወጥ ይወጣል፤ ሰውየውም ኤክስኤስኤልቲ አይሠራም ብሎ ይደመድማል። መፍትሔው ቅድሚያውን በቁጥር መጻፍ ወይም በመያዣው ላይ የወላጅ ኤለመንት ስም ወይም በቅንፍ ውስጥ ያለ ሁኔታ መጨመር ነው፤ ያን ጊዜ ቅድሚያው ወደ 0.5 ከፍ ይላል። ከላይ የጠቀስሁት የላንግ ሁኔታም ይህን ችግር አብሮ ይፈታል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ኤክስኤስኤልቲ 1.0 የመተኪያ ፈንክሽን የለውም የሚለው፣ በሚያሳስት መንገድ የቀረበ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 የወጣው ይህ እትም አንድን ፊደል በአንድ ፊደል የሚለውጠው ትራንስሌት አለው፤ ለአማርኛ ደግሞ ይህ ከላቲን ጽሕፈት ይልቅ የሚያመች ነው፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ተናባቢውና አናባቢው በአንድ የዩኒኮድ ፊደል ተጠቃልለው ይገኛሉ። «ሠሡሢሣሤሥሦሧ» የሚለውን ከ«ሰሱሲሳሴስሶሷ» ጋር ማሰለፍ ሥራውን ይጨርሰዋል። ሲሰለፉ ግን ብዛታቸው እኩል መሆኑን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ፊደል ከመሐል ቢጎድል ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አንድ ቦታ ይንሸራተታሉ፤ የመጨረሻውም ፊደል ከነጭራሹ ይጠፋል።

ትራንስሌት የማይችለው ከአንድ በላይ የሆነ ፊደልን መተካት ነው። በአማርኛ ፋይሎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ምሳሌ ሁለት ሁለት ነጥቦችን አከታትሎ «፡፡» ብሎ በመጻፍ አራት ነጥብ ማስመሰል ነው፤ ዓይን ልዩነቱን ባያይም ኮምፒውተሩ ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ አያውቅም። እዚህ ላይ ትራንስሌትን መጠቀም እያንዳንዱን «፡» ወደ «።» ስለሚያዞር ውጤቱ «።።» ይሆናል፤ በቃላት መካከል በትክክል የገባው ሁለት ነጥብም አብሮ ይጠፋል። በ1.0 የታወቀው መንገድ ራሱን የሚጠራ ስም ያለው ቴምፕሌት መጻፍ ነው። ቴምፕሌቱ ጽሑፉ «፡፡» እንዳለበት ይጠይቃል፤ ካለበት፣ ከእርሱ በፊት ያለውን ያወጣል፣ «።» ይጨምራል፣ ከእርሱ በኋላ የቀረውን ይዞ ራሱን እንደገና ይጠራል፤ ከሌለበት የቀረውን እንዳለ ያወጣል። ይህ ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ቢችልም አንድ ጊዜ ከተጻፈ የሚፈለገውንና የሚተካውን በፓራሜትር እየተቀበለ ለሁሉ ያገለግላል። ገደቡን ግን መናገር ይገባል፤ ሊብኤክስኤስኤልቲ በተባለው ላይብረሪ የሚሠራው ኤክስኤስኤልቲፕሮክ የተባለ ፕሮግራም የቴምፕሌት ጥሪዎች ጥልቀት ሳይነካ ከተተወ 3000 ላይ ያቆመዋል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ መጽሐፍ በአንድ ኤለመንት ውስጥ ተጨምቆ ከገባ ሥራው መሐል ላይ ይቋረጣል። ሊብኤክስኤስኤልቲ «ኢኤክስኤስኤልቲ» (EXSLT) በተባለው ተጨማሪ ስብስብ ሥር ያለውን የመተኪያ ፈንክሽን ስለሚደግፍ በእርሱ መጠቀም ያድናል።

ይህ ሁሉ ግን የ1.0 ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 የወጣው ኤክስኤስኤልቲ 2.0 ሪፕሌስ የተባለ፣ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የሚፈለገውን ጽሑፍ ቅርጽ በሚገልጽ ቀመር) የሚሠራ ፈንክሽን ይዞ መጥቷል፤ «፡፡»ንም ሆነ በመካከሉ ክፍተት የገባበትን «፡ ፡» በአንድ መስመር ይይዛል። ከዚህም ጋር ካራክተር ማፕ የሚባል፣ ሰነዱ ወደ ፋይል ሲጻፍ ፊደላትን የሚቀይር መግለጫ አለ፤ አቋራጭ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ ግን ለዚህ ሥራ አልመክረውም፤ አትሪቢዩትንም ጽሑፍንም፣ ግእዝንም አማርኛንም ሳይለይ ስለሚነካ ከሴድ የምንሸሸውን ጭፍንነት መልሶ ያመጣዋል። በ1999 የወጣን እትም አንሥቶ፣ ከ2007 ወዲህ የተፈታን ጉድለት የቋንቋው ባሕርይ አድርጎ ማቅረብ ለአንባቢ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በታግ የተከፈለ ቃል አይገኝም የሚለው አራተኛው ነጥብ እውነት ነው። «ኢትዮጵያ» በሚለው ቃል ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል ለጌጥ ሲባል በራሱ ኤለመንት ውስጥ ከገባ፣ ለስታይልሺቱ ቃሉ ሁለት የጽሑፍ ኖዶች ነው፤ ሙሉውን የሚፈልግ ቴምፕሌት ሁለቱንም ያልፋቸዋል። ኮሜንት በቃሉ መካከል ቢገባም እንዲሁ ይከፈላል። በወርድ የተጻፉ ሰነዶች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ የሰነዱ ውስጣዊ ኤክስኤምኤል ለዓይን አንድ የሚመስለውን ቃል በአርትዖት ታሪክና በፊደል ማረሚያ ምልክት የተነሣ ሁለትና ሦስት ቦታ ይቆራርጠዋል። ጸሐፊው ያልተናገሩት ሴድም ይህንኑ ቃል እንደማያገኘው ነው፤ በመካከሉ ያሉት ታጎች ለእርሱም እንቅፋት ናቸው። ልዩነቱ ኤክስኤስኤልቲ 2.0 ተከታታይ የሆኑና አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸውን ቁርጥራጮች በቡድን ማሰባሰቢያው አስቀድሞ ለማዋሐድ መቻሉ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ይዋሐዳሉ፣ በሁለተኛው ይተካሉ። የጌጡ ፊደል በእውነት የተለየ ቅርጽ ካለው ግን አዲሱ ቃል የትኛው ፊደሉ እንዲያጌጥ ሰው መወሰን አለበት፤ ይህን የሚወስን መሣሪያ የለም።

አምስተኛውም ነጥብ ክብደት አለው። ስታይልሺት ሰነዱን ፈትቶ እንደገና ስለሚጽፈው ፓርሰሩ ትርጉም የማይሰጣቸው ነገሮች ይለወጣሉ፤ የአትሪቢዩቶች ቅደም ተከተልና የጥቅስ ምልክቶቻቸው ሊለዋወጡ ይችላሉ፣ ሲዳታ ተብሎ የታጠረ ጽሑፍ አጥሩ ይፈርሳል፣ ኤንቲቲዎች ተፈትተው ይወጣሉ፣ በሰነዱ መጀመሪያ ላይ ያለው፣ የሰነዱን ዓይነት የሚያውጀው የዶክታይፕ ውስጣዊ ክፍል ይጠፋል። ለቴክኒክ ሰነዶች በተዘጋጀው በዲታ የሚጽፉ ሰዎች የሚያውቁት ሌላም አለ፤ የታጎቹን ደንብ በሚይዘው በዲቲዲው ውስጥ እንደ መነሻ የተቀመጡ አትሪቢዩቶች፣ በተለይም ክላስ የሚባለው፣ በእያንዳንዱ ኤለመንት ላይ ተጽፈው ይወጣሉና ፋይሉ ያብጣል። የሰነዱን ለውጥ በጊት የሚከታተል አርታኢ አንዲት ቃል ተለውጣ ሺህ መስመር እንደተለወጠ ሲያይ ቢበሳጭ አልፈርድበትም።

ለዚህ የምመክረው ሥራውን በሁለት መክፈል ነው። በመጀመሪያ አይደንቲቲው ብቻውን ይሠራና ውጤቱ ለብቻው ይመዝገብ፤ የመልክ ለውጡ ሁሉ በዚያ ያልቃል። ከዚያ የመተኪያው ቴምፕሌት በተመሳሳይ ፕሮሰሰር ሲሠራ በጊት ላይ የሚታየው የተተኩት ቃላት ብቻ ይሆናሉ። የሲዳታ አጥር የሚያስፈልጋቸውን ኤለመንቶች በአውትፑት መግለጫው ላይ በስም መዘርዘር ይቻላል፤ በዲቲዲው የተጨመሩትንም አትሪቢዩቶች ለማስወገድ አንድ ባዶ ቴምፕሌት ይበቃል። የኢንደንት ምርጫውን መዝጋትም አይረሳ፤ ጽሑፍና ታግ በተቀላቀሉበት አንቀጽ ውስጥ የሚጨመር ክፍተት በኅትመት ላይ ሊታይ ይችላል። የኤንቲቲ ስሞቹን ወይም የዶክታይፑን ውስጣዊ ክፍል ፈጽሞ ማጣት የማይፈልግ ሰው ግን ኤክስኤስኤልቲ አይሆነውም፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው።

ስድስተኛው ፓይተንን የሚመለከት ነው፤ ቋንቋውን ስለማከብረው ነገሩን አላከርረውም። ጸሐፊው የሚመክሩት ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን ኤለመንትትሪን ነው። በዚህ ላይብረሪ ውስጥ የአንድ ኤለመንት ጽሑፍ «ቴክስት» በሚባል ቦታ ሲቀመጥ፣ ከልጁ መዝጊያ ታግ በኋላ የሚቀጥለው የአንቀጹ ጽሑፍ ግን በልጁ ላይ «ቴይል» ተብሎ ይንጠለጠላል። ጸሐፊው ያቀረቡት ናሙና የሚዞረው በቴክስቶቹ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በአንቀጽ መካከል አንድ የተሠመረበት ቃል ካለ ከዚያ በኋላ እስከ አንቀጹ መጨረሻ ያለው ሁሉ ሳይተካ ይቀራል። ይኸው ላይብረሪ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው ኮሜንቶችን ሲያነብ ይጥላቸዋል፤ የታግ ስሞች የየትኛው ስብስብ እንደሆኑ የሚያሳዩትን የኔምስፔስ ቅጥያዎችንም አስቀድመው ካልተመዘገቡለት በራሱ ስሞች ይተካቸዋል። ስለዚህ ሰነዱን ይለዋውጣል ተብሎ በአምስተኛው ነጥብ የተወቀሰው ኤክስኤስኤልቲ፣ በስድስተኛው ከቀረበው ምትክ ይልቅ ለሰነዱ የሚጠነቀቅ ሆኖ ይገኛል። ኤልኤክስኤምኤል የተባለው ሌላው የፓይተን ላይብረሪ እነዚህን ሁለት ጉድለቶች አያሳይም፤ እርሱ ደግሞ የኤክስኤስኤልቲ 1.0 ስታይልሺትን በቀጥታ ማስኬድ ስለሚችል ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ ግዴታ የለብንም።

የመጨረሻው፣ ዘመኑ አልፏል የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የክሮም ገንቢዎች ኤክስኤስኤልቲን ከአሳሹ ለማውጣት ማሰባቸውን በማስታወቃቸው ላይ የቆመ ነው። ዜናው እውነት ነው፤ ምክንያቱም የደኅንነት ነው፤ አሳሹ የሚጠቀምበት ሊብኤክስኤስኤልቲ አርጅቷል፣ የሚንከባከበውም ሰው ጥቂት ነው። የኤክስኤምኤል ፋይልን ከነስታይልሺቱ ወደ አንባቢው አሳሽ የሚልኩ ሰዎች ፋይሉን በሰርቨራቸው ላይ አስቀድመው ወደ ኤችቲኤምኤል መለወጥ ይኖርባቸዋል። ነገር ግን አሳሾች ይደግፉ የነበረው ምንጊዜም 1.0ን ብቻ ነው፤ ጽሑፍን በመተካት ረገድም ደካማው እትም እርሱ ነው። የሰነድ ዝግጅት የሚሠራው በአርታኢው ኮምፒውተር ወይም በማተሚያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ነው። በዚያ ቦታ የሚያገለግለው ሳክሰን፣ የ2.0 እና የ3.0 እትሞችን መግለጫ ያዘጋጁት ማይክል ኬይ የጀመሩት ሲሆን፣ ነፃ የሆነው እትሙ 3.0ን ይደግፋል፤ ከጃቫም ከፓይተንም ይጠራል። ክፍያ ከሚጠየቅባቸው እትሞቹ አንዱ ደግሞ በጣም ትላልቅ ፋይሎችን ሙሉ በሙሉ ወደ ሜሞሪ ሳያስገባ በዥረት ያሳልፋቸዋል። ጽሑፍን መተካት እያንዳንዱን ኖድ ለብቻው የሚያይ ሥራ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ይመቻል፤ ነፃውን እትም የያዘ ሰው ግን ፋይሉ ወደ ሜሞሪ ሲገባ በዲስክ ላይ ካለው መጠኑ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አስቦ መጽሐፉን በየምዕራፉ ከፋፍሎ ቢያስኬደው ይሻለዋል።